ቀምሼ የሰጠኋት ክኒን

ልጄን አላሰርኳትም። ይህን ከሁሉ በፊት ልጻፈው፤ ሌላውን አንብባችሁ ባትጨርሱት እንኳ ይቺን ይዛችሁ ሂዱ። እሰሪያት ያለኝ ዘመድም ነበር፣ ጎረቤትም ነበር። ሰንሰለቱን ገዝቶ እቤቴ ድረስ ያመጣልኝም ነበር። አላሰርኳትም። ሰንሰለቱ የት እንደ ደረሰ ቦታው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ብርቄ ነው። በደርግ ጊዜ ሲግናል ሰፈር ጠላ ሻጭ ነበርኩ። ደጄ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋውን ጣሳ አይቶ የሚገባ ሁሉ ደንበኛዬ ነው፤ የመገናኛው ሹፌር፣ ግንበኛው፣ ወታደሩ፣ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ የወረደችው ሴት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ማንበብ የለመድኩት ደግሞ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ነው፤ ስኳሩ ቶሎ ሲያልቅ ጋዜጣው ይተርፈኛል። እንግዲህ አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ ቢንገዳገድባችሁ ጠላ ሻጭ ናት፣ ቢንገዳገድ ምን ይገርማል ብላችሁ እለፉት።

ሰብለ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው የሞተብን። ጌሾ ወቅጬ፣ ብቅል አብቅዬ አሳደግኋት። ታይፕ ተማረች፤ መሥሪያ ቤት ገባች። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን ጠርጋ ጭቃውን እየዘለለች ወደ መገናኛ ስትወርድ ደጄ ላይ ቆሜ ዓይኔ እስኪደክም አያት ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነው እንግዲህ፤ ትልቅ ሰው ናት፣ ደመወዝተኛ ናት። ይህን የምለው ወድጄ አይደለም። የታመመው ትንሽ ልጅ ቢሆን አዝለሽው ትሄጃለሽ። ትልቅ ሰው ታሞ አልታመምኩም ሲል ግን በየት በኩል ነው የሚታዘለው?

ነገሩ የጀመረው በጆሮ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ራቷን ሳትበላ ቁጭ አለችና፣

«እማዬ፣ ታይፑ ስሜን ይጠራል» አለችኝ።

ሳቅሁ። «ቀኑን ሙሉ ስትቀጠቅጪው ውለሽ ባይጠራሽ ነው የሚገርመኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። በሳምንቱ ግድግዳችን ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በሊጥ ደፈነችው። አይጥ ሊጡን በልታ ስትከፍተው መልሳ ትደፍነዋለች። ቀጥሎ ከሰው እጅ መብላት አቆመች፤ ከእኔም እጅ ጭምር። ልጣጭ ያለው ነገር ብቻ ነው የምትበላው። የተቀቀለ እንቁላል ራሷ ልጣ፣ ሙዝ ራሷ ልጣ። አንድ ምሽት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይከታተሉኛል» አለችኝ።

ያንን ዘመን ያላያችሁ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። አንድ ላንድሮቨር መንደር ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲያጠፋ ሕፃን እንኳ ማልቀሱን ያቆም ነበር። የማን ልጅ ወጥቶ ቀረ፣ የማን ልጅ ከቤቱ ተወሰደ፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ልጅሽ «ይከታተሉኛል» ስትልሽ ሐኪም ቤት ውሰጃት የሚል ሰው አልነበረም። ደብቂያት ነው የሚልሽ። እኔም ደበቅኋት። በሽታዋ የዘመኑን ልብስ ለብሶ ነበርና ማን ይለየው? ዛሬ ተቀምጠው «እንዴት አላወቅሽም?» የሚሉኝ አሉ። ያን ጊዜ የትኛዋ እናት ታውቅ ነበር! አላፍርበትም።

እህቴ መነኩሲት ናት። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ጥግ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ትንሽ ጎጆ ነበራት። እህቴ ብትሆንም እንደ ሰው ሁሉ እማሆይ ነው የምላት። ሰዓት እላፊው እንዳለቀ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሰብለን ገመድ ወገቧ ላይ አስጠምጥሜ እንጨት ለቃሚ አስመስዬ በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ይዣት ወጣሁ። ዳገቱ ላይ እኔ ሳለከልክ እሷ ወደ ኋላዋ እያየች ትሮጣለች። «ደረሱብን እኮ፣ ፍጠኚ!» ትለኛለች። እኔም እየፈጠንኩ ወደ ኋላዬ አይ ነበር። ሁለታችንም ማንንም አላየንም።

ሰብለን እዚያ ትቻት በወረድኩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እማሆይ ቁልቁል ወርዳ እቤቴ መጣች። መቋሚያዋን ጥግ አስደግፋ ተቀመጠችና፣

«ብርቄ፣ ይቺ ልጅ የምትሸሸው ከሰው አይደለም» አለችኝ።

«ከማን ነው ታዲያ?»

«እዚያ ላይ ማን አለ? እኔና ወፍ ነን። ትናንት እርግብ ጣራው ላይ ብታርፍ፣ 'ማን ላከሽ? ተናገሪ!' እያለች ስትመረምራት ዋለች።»

ሳቅ መጣብኝ። ግን አልሳቅሁም። መታመሟ ያኔ ነው የገባኝ።

ጠበሉ እዚያው ደጃፏ ላይ ነው። እማሆይ ለምናታለች፤ ሰብለ ግን «ውሃው ውስጥ ነገር ጨምረውበታል» ብላ እምቢ አለች። አንድ ቀን ጎበዛዝት ሆነው እጅና እግሯን ይዘው ሊያስጠምቋት መጡ፤ ለመርዳት ነው፣ በክፋት አይደለም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ መለሰቻቸው። «ተመለሱ ልጆቼ። በግድ የተረጨ ጠበል ከዝናብ በምን ይለያል?» አለቻቸው። ለእኔም፣ «አንቺ ሐኪም ፈልጊ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እጸልያለሁ። ሁለቱ አይጣሉም» አለችኝ። ይህን ያለችኝ ፊደል እንኳ ያልቆጠረች መነኩሲት ናት። ጠበልና ሐኪምን ለማጣላት ለሚፈልግ ሁሉ የእሷን ቃል ነው የማቀብለው።

ሐኪም ፍለጋው ግን ቀላል አልነበረም። ሰብለን ወደ ቤት መለስኳት። ክሊኒክ እንሂድ ስላት፣ «እኔ ምን ሆንኩ? የታመምሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ሂጂ» ትለኛለች። ከደንበኞቼ አንዱ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበር። ጠላውን እየጠጣ በመጋረጃ ቀዳዳ አያትና፣ «ወስፋት ነው፤ ከስታለች» አለ፣ የወስፋት መድኃኒት ሰጠኝ። ሌላው ታይፎይድ ነው አለ። ሦስተኛው እንቁላል ብቻ መብላቷን ሰምቶ ጨጓራ ነው አለኝ። የመድኃኒት እየተባለ ጋኖቼ አንድ በአንድ ተሸጡ። አንድ ዘመድ ደግሞ መጥታ፣

«ባል ነው የሚያስፈልጋት፤ ዳሪያት፣ ይለቃታል» አለችኝ።

«ባል የራስ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እኔና አንቺ ከአገሩ ሁሉ ጤነኛ በሆንን ነበር» አልኳት። ሄደች። ወሬውንም ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ዝም ይሉልኝ ጀመር። «የእብዷ እናት መጣች» ስትል አንዷን ሰማኋት። እንስራዬን አወረድኩና፣ «አዎ መጣሁ። እናቷ ነኝ። የሌላ ሰው እናት ልሁን ብልስ ማን ይቀበለኛል?» አልኳት። ውሃዬን ሞልቼ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ለብቻዬ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ሄድኩ። ማልጄ ብሄድም አግዳሚው ሞልቶ ጠበቀኝ። አንዷ ልጇን በነጠላዋ ከራሷ ጋር አስራዋለች። ከአጠገቤ አንድ ሽማግሌ የጎልማሳ ልጃቸውን እጅ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ልጁ ግድግዳውን ያያል፣ እሳቸው ልጁን ያያሉ።

«ያንቺ የታለ?» አሉኝ።

«እምቢ ብላኝ ቤት ናት፣ አባቴ።»

«እድለኛ ነሽ» አሉኝ። «እምቢ የሚል አፍ አላት። የእኔ ካወራ ቆየ።» ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መዳፌ ላይ ዘገኑልኝ። ያ ቆሎ እስከ ዛሬ ይጣፍጠኛል።

ዶክተሩ ወጣት ነው። የነገርኩትን ሁሉ ሰማኝ። ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ የሌለ ጠላት የሚያይበት የአእምሮ በሽታ እንዳለ፣ ስኪዞፍሬኒያ እንደሚባል፣ መድኃኒትም እንዳለው ነገረኝ። «ግን እናቴ፣ ሳላያት ነው ብዬ መናገር አልችልም። ያምጧት» አለኝ።

«አልመጣም አለች።»

«እንግዲያው ቀበሌ ያመልክቱና ሰዎች ተመድበው ያምጧት።»

ብድግ አልኩ። «ዶክተር፣ ልጄ የምትፈራው ምኑን መሰለዎት? ሰዎች መጥተው ከቤቴ ጎትተው ይወስዱኛል ብላ ነው። እኔ ራሴ ሰዎች ልኬ ላስጎትታት? ያን ቀን እኮ እሷ እውነተኛ፣ እኔ ውሸታም መሆኔ ነው!»

ብዕሩን አስቀመጠ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ልክ ነዎት» አለ። «እንግዲያው አይሟገቷት። ታመሻል አይበሏት። አልታመምሽም፣ የሚከታተልሽ የለም ብለውም አይከራከሯት። እሷን ራሷን ምን እንዳስቸገራት ይጠይቋት። በእሷ በር ይግቡ።»

ይህን ይዤ በደስታ ተመለስኩ። ግን አልቀደምኩም።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ዘለቀ፣ ሰብለን እንደ ልጁ የሚወድ ሰው ነበር፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጽፍም። አንድ ቀን ጌሾ ልገዛ ገበያ ስወጣ ጠብቆ፣ «እናትሽ መገናኛ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ» ብሏት በሰይቼንቶ ታክሲ ጫናት። እናቴ ብላ እየጮኸች ገባች። ያወረዳት ሆስፒታሉ ደጃፍ ነው። ይዘው መርፌ ወጓት። ማታ ክኒን በፖስታ አስይዞ መልሶ አመጣልኝና፣ «በቃ፣ እኔ ጀመርኩልሽ» አለኝ፣ ደስ ብሎት።

ሰብለ የእኔን እግር አየች። ቆሜያለሁ። አልተሰበርኩም።

«አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ» አለችኝ።

በማግስቱ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ጫማዋን ትታው ነው የሄደችው። ማን ጋ እንደምትሄድ ስለማውቅ ዳገቱን ወጣሁ፤ ከእማሆይ ጎጆ ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተኮራምታ አገኘኋት። ቅጠል ፀጉሯ ላይ ተጣብቋል። ልቀርባት ስል ድንጋይ አነሳች። እዚያው ዐሥር ክንድ ርቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰብለ፣ አላወቅሁም ነበር። ይህን ማመን የአንቺ ፋንታ ነው። አንድ ነገር ግን ኪዳነ ምሕረት ትስማኝ፤ ከእንግዲህ ማንም በግድ አይወስድሽም። በሬ ላይ የሚመጣ ሰው እኔን ረግጦ ነው የሚገባ።»

ድንጋዩን ከእጇ አልጣለችም። ተመላለስኩ። ጠዋት ጠላዬን አጥልዬ፣ ቀትር ላይ እንቁላል ቀቅዬ ዳገቱን እወጣለሁ፤ እንቁላሉን መሐላችን አስቀምጬ ቁጭ እላለሁ። እየቆየ ርቀቱ ቀነሰ። አንድ ከሰዓት ዝናብ መጣና፣ «ተነሺ፣ ትታመሚያለሽ» አለችኝና አብራኝ ወረደች።

ጋሽ ዘለቀ ሰንሰለቱን ያመጣው ያኔ ነው። ጠላ ጠጪ በተሞላው ቤት መሐል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ጭራሽ ጫካ ገባች! ነገ ገደል ብትገባ ማን ሊጠየቅ ነው? ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እስኪሻላት እሰሪያት።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ ቤቴ ውሻ የለም።»

«ብርቄ፣ እኔ የወንድሜን ልጅ—»

«የወንድምህ ልጅ ሰው ናት። ሰው በሚታሰርበት አገር እኔ ደግሞ ልጄን ቤቴ ልሰር? እስር ቤቱ አንሷል?»

ጠጪው ሁሉ ዞሮ አየ። ጥግ ላይ ጓድ ሽፈራው ተቀምጧል፤ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። አሁን ገና ገባሁ እኔ እስር ቤት ብዬ አሰብኩ። ጓድ ሽፈራው ጣሳውን አነሳና፣ «እትዬ ብርቄ፣ የዛሬው ጠላ ጠንክሯል» ብሎ መጠጣቱን ቀጠለ። እግዜር ይስጠው።

ጋሽ ዘለቀ ተናዶ ሲወጣ ሰንሰለቱን ረስቶት ሄደ። በማግስቱ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሲያልፍ ጠራሁትና ሰንሰለቱን ሰጠሁት። በለውጡ ከጆንያው ውስጥ ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ መረጥኩ። ሰንሰለቱ የት ደረሰ ላላችሁኝ፣ ኩባያ ሆነ።

አሁን ክኒኑ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሰብለም ቤት አለች፤ ሁለቱ አይገናኙም። ሌሊት ሌሊት ስትንቆራጠጥ፣ ግድግዳውን ስታዳምጥ እሰማታለሁ። ዓይኗ ጎድጉዷል። አንድ ጠዋት የዶክተሩን ቃል አስታወስኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሰብለዬ፣ ሌላውን ሁሉ ተይው። አንቺን የሚያስቸግርሽ ምኑ ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ብዙ አሰበች። «እንቅልፍ» አለች። «እንቅልፍ ነስተውኛል። ብተኛ እኮ እችላቸዋለሁ።»

«እንቅልፍ የሚሰጥ ነገር አለ።» ወደ መደርደሪያው አየሁ።

«መርዝ ነው።»

እዚህ ላይ ልሟገት አፌን ከፍቼ ነበር። ሐኪም እኮ ነው የሰጠው፣ እኔ እናትሽ መርዝ እሰጥሻለሁ ወይ፣ ልል። ዘጋሁት። ሥራዬ ትዝ አለኝ። እኔ ለማንም ሰው ጠላ ሳልቀምስ ሰጥቼ አላውቅም። እናቴም፣ የእናቴም እናት እንዲሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ በመዳፍሽ ጠብ ታደርጊና ፉት ትያለሽ፤ ከዚያ ነው የምትቀጂለት። ይህ ወግ የመጣው ለምንድን ነው? ሰው ስለሚጠራጠር ነው! ጥንትም ይጠራጠር ነበር። ታዲያ የተጠራጠረውን እንግዳ ማን አብደሃል ይለዋል? ይቀመስለታል እንጂ።

በኩባያው ውሃ ቀዳሁ። ፖስታውን ይዤ መጣሁና፣ «ምረጪ» አልኳት። በጣቷ አንዱን ነካችው። መዳፌ ላይ አድርጌ ዋጥኩት።

አደራ፣ እናንተ እንዳታደርጉት! ዶክተሩ በኋላ እንዴት እንደ ተቆጣኝ እጽፋለሁ። የሰው መድኃኒት የሰው ነው፤ ልብን የሚጥል፣ የሚገድልም አለ። እኔ አላዋቂ ሆኜ አደረግሁት፤ ሆኖልኝ ተረፍኩ።

መጀመሪያ ምላሴ ደረቀ። ቀጥሎ ቤቱ እንደ ጋን ጠላ ቀስ ብሎ ይረጋ ጀመር። መደብ ላይ ጋደም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰብለ ናት የነገረችኝ፤ አፌን ከፍቼ፣ ለሃጬን እያዝረከረክሁ፣ እንደ ወፍጮ እያንኮራፋሁ ዋልኩ አሉ። እሷ እንዳልሞት አጠገቤ ተቀምጣ ትንፋሼን ስትጠብቅ ዋለች። እስከዚያ ድረስ እኔ ነበርኩ እሷን የምጠብቅ።

ስነቃ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሰብለ እግሬ ሥር ተቀምጣለች። ማንቆርቆሪያው እጇ ላይ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ተኛሁ።»

«ሌላ ምንም አልሆንሽም?»

«አፌ ደርቋል። ከዚያ በቀር እንደ ንግሥት ነው የተኛሁት። ማንቆርቆሪያውን ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ጠላ ስሸጥልሽ ዋልኩ።» ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። «ጓድ ሽፈራው መጥቶ ነበር።»

ከመደቡ ብድግ አልኩ። ከሰው ሁሉ የምትፈራው እሱን ነው፤ ድምፁን ስትሰማ አልጋ ሥር የምትገባ ልጅ ናት። «ምን አለሽ?»

«ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ቅጂልኝ አለኝ። አንቺ ተኝተሻል፣ ወዴት ልሂድ? ቀዳሁለት። ጣሳውን ይዞ ያየኛል፣ አይጠጣም። 'ምነው?' አልኩት። 'ቅመሺልኝ እንጂ' አለኝ።» ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠመንጃ ይዞ፣ እኔን! እኔን ይፈራል ለካ።»

«በዚህ ዘመን ማን ያልፈራ አለ፣ ልጄ?»

«ቀመስኩለት። ጠጣ። አልሞተም።»

«አልሞተም?»

«እንዲያውም ደገመ።»

ተያየን። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። ልጄ ስትስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር! ሳቋ ሳያልቅ እጇን ዘረጋችልኝ። «እስቲ ያንን ነገር አምጪው» አለች። «ግማሹን ብቻ። መጀመሪያ ቅመሺው።»

አሁን ግን አልዋጥኩትም። በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ ከጌሾ ይመራል። ሰጠኋት። በቆርቆሮው ኩባያ ዋጠችው። ያን ምሽት ልጄ ተኛች። እኔ ቀን ጠግቤ ስለ ተኛሁ ቁጭ ብዬ ስትተኛ ሳያት አደርኩ።

ፖስታው ሲያልቅ ሆስፒታል የሄደችው በራሷ እግር ነው። በሩ የሚዘጋ ታክሲ አልገባም አለች። ከኋላ ክፍት በሆነው፣ ሰው ፊት ለፊት በሚያቀማምጠው በውይይት ታክሲ ሄድን፤ የሁሉንም ፊት አያለሁ፣ ካስፈለገም እዘላለሁ አለችኝ። እሺ አልኳት። ዶክተሩ ፊት ቁጭ ብላ፣ «እንቅልፍ ፈልጌ ነው የመጣሁት። እብድ አይደለሁም» አለችው።

«ጥሩ» አለ። «ስለ እንቅልፍ እናውራ።»

በሩ ክፍት እንዲሆን ጠየቀች፤ ራሱ ተነስቶ ከፈተው። እኔ መቅመሴን ስነግረው ግን ጮኸብኝ። «እርስዎን ማን ያዘዘልዎት! ሊሞቱ ይችሉ ነበር እኮ!» ሰብለ መሐል ገባችና፣ «ዶክተር፣ እሷ የታዘዘላትን ሳይሆን ያልታዘዘላትን ነው የምትውጠው» አለችው። እሱም ሳቀ።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ይጨረስ ነበር። ኑሮ ስለሆነ አልተጨረሰም። መድኃኒቱ እጇን አንቀጠቀጠባት፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ተሰጣት። ወፈረች። መሥሪያ ቤቷ አልመለሳትም። አንድ ጊዜ ድኛለሁ ብላ ክኒኑን ተወችው፤ ሊጡ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፣ እንቁላሉም ተመለሰ። አልጮኽኩም። እንቁላል ገዛሁ፣ ኩባያውን አጥቤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ፣ ጠበቅሁ። ልቤ እንዴት እንደሚመታ እኔ ነኝ የማውቀው። የቆርቆሮውን ኩባያ ራሷ አንስታ፣ «ቅመሺልኝ» እስክትለኝ ድረስ ጠበቅሁ። ጋሽ ዘለቀ ለዓመታት ደጄን አልረገጠም። በመጨረሻ የመጣ ዕለት በር የከፈተችለት ሰብለ ናት፤ ጠላ ቀዳችለት፣ በመዳፏም ቀመሰችለት። አጎንብሶ ጠጣ።

ጣቶቿ ሲረጉ መገናኛ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈች መተዳደር ጀመረች። አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ሄጄ፣ «ታይፑ ዛሬም ስምሽን ይጠራል?» አልኳት።

«አልፎ አልፎ።»

«ምን ትይዋለሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ እለዋለሁ።»

እንግዲህ እህቶቼ፣ ልጃችሁ እምቢ ብሎ ግድግዳ ሲያዳምጥባችሁ ሰው ብዙ ይላችኋል። እሰሪው፣ ዳሪው፣ አታለሽ ውሰጂው፣ ተስፋ ቁረጪ ይላችኋል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ ሰውም ሐኪምም ፈልጉ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ውጭ ግን ሰው ስላለ ብላችሁ ልጃችሁን አትክዱ። የፈራውን ሰው ፍርሃቱን አትሰርቁትም፤ አብራችሁት ትቀመጣላችሁ እንጂ። ረጅም ነው። ያሰለቻል። ጉልበት ይጨርሳል። እኔ አልቻልኩም ያልኩበት ቀን ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ እንቁላል ቀቅዬ ዳገቱን ወጣሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። ጠላ መጥመቁን ትቻለሁ። የደም ግፊት አለብሽ ተብዬ ክኒን ታዞልኛል፤ እኔም አመሌ ነው፣ ምንም አልሆንኩም፣ አልውጥም እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰብለ በዚያች ከንፈሯ በተላጠ ኩባያ ውሃ ይዛ ትመጣለች። አትሟገተኝም። ክኒኗን መዳፏ ላይ ታስቀምጣለች፣ እያየኋት በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርጋለች፣ ፊቷን ታኮሳትራለች።

«ምንም የለበትም» ትለኛለች። «ዋጪ።»

እውጣለሁ።